ከሰንበት ጸሎት በኋላ ከእናቶቻችን ጋር

በእስራኤል አገር፣ በረሆቮት ከተማ፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር በሚገኝ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ምኩራብ ውስጥ፣ የሰንበት ጠዋት ጸሎት አልቆ ዳቦው ከተባረከ በኋላ፣ የሳምንቱን የኦሪት ክፍል ለእናቶች በአማርኛ መንገር ከጀመርሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ከሌሎች ከተሞች ለሠርግ ወይም ለልቅሶ የሚመጡ እህቶች አብረውን ውለው ሲያዩ፣ «እኛስ ዘንድ እንዴት ይጀመራል?» ብለው ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የሠራሁትንም ያጠፋሁትንም እንዳለ ልጽፈው ወሰንሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ ያደገችው በጎንደር፣ በአምቦበር አካባቢ ነው። ወደ እስራኤል የገባነው ዓርብ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጉዞው ሰንበት ላይ በመዋሉ እናቴ እጅግ ተጨንቃ እንደነበርና «ቄሶቹ ከተሳፈሩ እኔ ማን ነኝ» ብላ እንደ ገባች ዕድሜዋን ሙሉ ትነግረን ነበር። ነፍስ ለማዳን ሲሆን ሰንበት እንደሚሻር በኋላ ቢያስረዷትም፣ ያቺን ሰንበት ግን እንደ ብድር ትቆጥራት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ታማ ካልተኛች በቀር ከምኩራብ የቀረችበትን ሰንበት አላስታውስም።

አንድ የታኅሣሥ ሰንበት ከጸሎት ስንመለስ፣ በሰንበት መኪና ስለማይነዳ የሃያ ደቂቃውን መንገድ በእግራችን እየሄድን ሳለ፣ «ዛሬ የተነበበው የማን ታሪክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕብራይስጥ የተማርሁትና የምሠራበት ቋንቋ ቢሆንም፣ በዜማ ሲነበብ ልቤን ሰጥቼ ስላላዳመጥሁ መልስ አልነበረኝም። ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ መጽሐፉን ገልጬ አየሁና ዮሴፍን ወንድሞቹ የሸጡበት ክፍል መሆኑን ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ዮሴፍን ነበር ዛሬ የሸጡት? እኔ ይኸ ሲነበብ ቁጭ ብዬ ሳላለቅስ ወጣሁ?» አለች።

ይህን የሚያነብ ሰው እናቶቻችን ኦሪትን የማያውቁ እንዳይመስለው እፈልጋለሁ። በአገር ቤት ቄሱ ኦሪቱን በግእዝ ካነበቡ በኋላ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙት ስለነበር፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ የአብርሃምን፣ የዮሴፍንና የሙሴን ታሪክ ከእኔ በተሻለ በቃሏ ታውቀዋለች። የተቋረጠው እዚህ፣ ንባቡ በዕብራይስጥ ብቻ ሲሆን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በየሰንበቱ ሰው ሲነሣ ተነሥታ፣ ሰው ሲቀመጥ ተቀምጣ፣ የምታውቀውና የምትወደው ታሪክ በጆሮዋ እያለፈ ሳትለየው ትመለስ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ክፍሉን አስቀድሜ እያነበብሁ በመንገዳችን ላይ እነግራት ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን ተጠጉን፤ በሦስተኛው ሳምንት አራት ሆነው ከበቡኝ። በምርኩዝ የሚሄዱ ስለነበሩ፣ የሚሻገሩት መንገድ መካከል ሳይቀር ለመስማት እየቆሙ ስላስቸገሩን፣ ቦታ ማግኘት ግድ ሆነ። ለምኩራቡ ራቢና ለቄሳችን አስፈቀድሁ። ራቢው የሴቶቹን ክፍል እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ክፍት እንዲተውልን አዘዙ። ቄሳችን ደግሞ፣ «ንገሪያቸው፤ ነገር ግን ከመንገርሽ በፊት እነሱን ጠይቂ» አሉኝ። የዚህ ቃል ቁም ነገሩ የገባኝ ከሦስት ወር በኋላ፣ አንዲት እናት ካስቀየምሁ በኋላ ነው።

በመጋቢት ወር «ቫያክሄል» የሚባለው ክፍል ደረሰ። እርሱ ሲጀምር ሙሴ ሕዝቡን ሰብስቦ ሰንበትን እንዲጠብቁና በሰንበት ቀን በየማደሪያቸው እሳት እንዳያነዱ ያዝዛል። ይህን እንዳልሁ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት፣ «እኛማ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተን፣ ፍሙ ላይ ውኃ አፍስሰን፣ ሰንበትን በቀዝቃዛው ነበር የምንውለው፤ የሰንበት ሻማ የሚባል አናውቅም» ብለው በደስታ መናገር ጀመሩ። እኔም ያነበብሁትን ለማሳየት ቸኩዬ፣ ከሰንበት በፊት የተለኮሰ እሳት እንደሚፈቀድ፣ የአገር ቤቱ አጠባበቅ ሕጉን በትክክል ካለማወቅ የመጣ እንደሆነ አስረዳሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሰንበት አልመጡም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጡም።

ቄሳችን ይህን ከሰሙ በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ ወደ እኒያ እናት ቤት ሄድሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ስጠይቅ አስነሡኝና ቡና አፍልተው፣ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ስለ ልጆቼ ብቻ ሲጠይቁኝ ቆዩ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የተፈቀደውንማ እኔም አደርገዋለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ሻማዬን እለኩሳለሁ፣ ፕላታ በሚሉት፣ ከሰንበት በፊት በርቶ በሚቆየው የምግብ ማሞቂያም ላይ ወጥ አስቀምጣለሁ። ነገር ግን እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በብርድ የዋለችው በስሕተት ነው ስትይ ሰማሁሽ» አሉኝ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ የአነጋገሬን መንገድ ለወጥሁ። የራቢዎቹ ትምህርት የኦሪቱን ቃል የሚረዳው አዲስ እሳት በሰንበት መለኮስን እንደሚከለክል አድርጎ ሲሆን፣ አባቶቻችን ግን በቤት ውስጥ እሳት ጨርሶ እንዳይኖር አድርገው አጥብቀው ጠብቀውታል፤ ስለዚህ «አባቶቻችን እንዲህ ጠብቀውት ነበር፤ ዛሬ የምንኖርበት ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው» እላለሁ እንጂ አንዱን በሌላው አልነቅፍም። እኒያ እናት ከዚያ በኋላ ወደ ስፍራቸው ተመለሱ፤ የሚቀመጡትም ሁልጊዜ ከእኔ አጠገብ ነው።

የሳምንቱ ሥራ እንዲህ ነው። ኦሪት በዓመት ውስጥ ተነቦ እንዲያልቅ በ54 ክፍል የተመደበ ሲሆን፣ ክፍሉም ስሙን የሚያገኘው ከመጀመሪያዎቹ ቃላት ስለሆነ፣ የሳምንቱን ስም የሚያውቅ ሰው ከየት ተነሥቶ እንደሚነበብ ያገኛል። እኔ ረቡዕ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ክፍሉን በዕብራይስጥና በአማርኛ ጎን ለጎን አነባለሁ። የአማርኛው መጽሐፍ የምዕራፍና የቁጥር አከፋፈል ከዕብራይስጡ ጋር አልፎ አልፎ ስለሚለያይ፣ ቁጥሩን ብቻ ተከትላችሁ እንዳትሳሳቱ ቃሉን አነጻጽሩ። ሐሙስ ቀን ሐሳቡን በወረቀት እጽፋለሁ፤ ዓርብ ዳቦው እስኪበስል ድረስ በቃሌ እይዘዋለሁ። በሰንበት መጻፍ ስለማይፈቀድና እኔም ከወረቀት እያነበብሁ መናገሩ እናቶችን እንደሚያርቃቸው ስላየሁ፣ በቃል መያዙን እንደ ግዴታ ወስጄዋለሁ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ብዙ ነገር አይያዝም። በታኅሣሥ ቀኑ ሲያጥር ሰንበት ቶሎ ስለምትገባ፣ የምጣድና የገላ መታጠቢያ ግርግር ውስጥ የማይረሳው ትንሽ ሐሳብ ብቻ ነው።

ሰንበት ጠዋት ጸሎቱና ንባቡ ካለቀ፣ ኪዱሽ የሚባለው የወይን ቡራኬ ተብሎ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ወንበሮቹን በክብ እናስቀምጣለን። ድምፅ ማጉያ በሰንበት ስለማይከፈት፣ ጆሮአቸው የደከመውን ከእኔ ቀኝና ግራ አስቀምጣለሁ። የምናገረው ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በቄሳችን ምክር መሠረት እጠይቃለሁ፦ «ዛሬ የነበረው የመና ታሪክ ነው፤ እናንተ እንዴት ሰማችሁት?» እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ሃያውን ደቂቃ ይወስደዋል፤ ያኔ ያዘጋጀሁትን ትቼ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከባድ የመሰለኝ ክፍል በሚያዝያ አካባቢ የሚነበበው፣ ስለ ወላድ ሴትና ስለ መንጻት የሚናገረው የሌዋውያን ክፍል ነበር። ብዙ ወጣት አስተማሪዎች ቶሎ የሚያልፉት፣ እኔም ልዘለው ያሰብሁት ነው። «ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆያለች» ብዬ እንደ ጀመርሁ፣ እናቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ አወሩ። በአገር ቤት ሴት ስትወልድም ሆነ የወር አበባ ላይ ስትሆን ከመንደሩ ወጣ ብላ በተሠራው የመርገም ጎጆ ውስጥ ትቆይ ስለነበር፣ ለእነርሱ ይህ ክፍል የሕይወታቸው ታሪክ ነው። አንዷ ምግብ በድንጋይ አጥሩ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥላቸው፣ ሌላዋ ሴት ልጅ ወልዳ በ80ኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ልብሷን አጥባ ነጭ ለብሳ ስትመለስ እናቷ በእልልታ እንዴት እንደ ተቀበለቻት ነገሩን። ብርዱንና ብቸኝነቱንም አልደበቁም፤ አንዲት እናት በዝናብ ሌሊት በዚያ ጎጆ ልጃቸው እንደ ሞተባቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ሌላዋ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፤ ሟች ታላቅ እህት እንደነበራት የሰማችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ክፍል ደረቅ ነው ብዬ ዘልዬ አላውቅም፤ እናንተም አትዝለሉ።

ከመካከላችን በሱዳን በኩል በእግር የመጡ አሉ። በዚያ መንገድና በመጠለያ ሰፈሮቹ ውስጥ ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን አልቀዋል። የምድረ በዳውና የውኃው ጥማት ክፍል በጥር ሲደርስ፣ እነዚህ እናቶች የሚናገሩበትም የማይናገሩበትም ዓመት አለ። ላለመናገር መብት እንዳላቸው አውቄ ጥያቄዬን ወደ ማንም ፊት ሳላዞር ለሁሉም እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት በንግግሬ መካከል ተነሥተው ወጡ፤ ተከትዬ ልወጣ ስል ሌላዋ በእጃቸው ያዙኝና፣ «ተያት፣ ውኃ ጠጥታ ትመጣለች» አሉኝ። እውነትም ተመለሱ። ማጽናናት እየተከተሉ ማባበል የሚመስላቸው ካሉ፣ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ እንደነበር ልንገራቸው።

እናቴ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር ነው። ሰባቱን የሐዘን ቀን ቤታችን ተቀምጠን፣ እነዚያው እናቶች በየቀኑ እንጀራና ወጥ ይዘው እየመጡ ውለው ያመሹ ነበር። ሰባቱ ቀን አልቆ ወደ ምኩራብ የሄድሁባት ሰንበት፣ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበት የአብ ወር ዘጠነኛ ቀን ጾም ካለፈ በኋላ የምትመጣው፣ ከነቢዩ ኢሳይያስ «አጽናኑ፣ ሕዝቤን አጽናኑ» የሚለው የሚነበብባት ሰንበት ነበረች። ከእርሷ ጀምሮ እስከ አዲስ ዓመት ድረስ ሰባት ሰንበት ሙሉ የነቢያት ንባቡ የመጽናናት ቃል ነው። እኔ ምንም አልተዘጋጀሁም፤ እንደ ልማዴ ወንበሮቹን ላስተካክል ስል በእሳቱ ነገር ያስቀየምኋቸው እናት ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝና፣ «ዛሬ አንቺ ስሚ፤ እኛ እንነግርሻለን» አሉኝ።

ክፍሉን ማን እንዳነበበላቸው ጠይቄ አላወቅሁም፤ ነገር ግን ያውቁት ነበር። በዚያች ሰንበት ከኦሪት የሚነበበው፣ ሙሴ ወደ ተስፋይቱ ምድር ልግባ ብሎ ሲለምን እግዚአብሔር ከተራራው ላይ ሆኖ በዓይኑ እንዲያያት ብቻ የፈቀደለት ክፍል ነው። አንዷ ጀመሩ፣ ሌላዋ ቀጠሉ፤ አንዷ የዘነጉትን ሌላዋ ሞሉት። በመጨረሻ በሱዳን የመጡት እናት፣ በተለመደው ዝግታቸው፣ ባለቤታቸው በመጠለያው ሲሞቱ «ኢየሩሳሌም ስትደርሺ ስለ እኔም እዪልኝ» እንዳሏቸው ተናገሩ። «እናትሽ ግን በእግሯ ረገጠቻት፣ ሰላሳ ዓመት በየሰንበቱ አመሰገነችባት» አሉኝ። በሰንበት ሐዘን በአደባባይ አይታይምና ዕንባዬን ዋጥሁ፤ ነገር ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ያኔ ተነሣልኝ። ቀደም ሲል ብዙ መልካም ቃል ተነግሮኝ ነበር፤ ያጸናኝ ግን እኔ ለሌሎች ሳደርገው የኖርሁት ነገር ተመልሶ ለእኔ መደረጉ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። በብዙ ሰው አትጀምሩ፤ አንዲት እናትና አንድ መንገድ ይበቃል። የሃይማኖት አባቶቻችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ቄስም ራቢም ባሉበት ምኩራብ አንዱን ብቻ አማክራችሁ ሌላውን ብትተዉ ሥራው በማያገባችሁ ክርክር ውስጥ ይገባል። እኔ በአንድ ሌላ ምኩራብ ተጋብዤ ይህን ሳልጠይቅ በመጀመሬ፣ እናቶቹ ሁለት ሰንበት ከተሰበሰቡ በኋላ ቀርቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። በአማርኛችሁ መካከል የዕብራይስጥ ቃል ሲገባባችሁ ቆም ብላችሁ አማርኛውን ፈልጉ፤ ካጣችሁት እነርሱን ጠይቁ፣ ደስ እያላቸው ይሰጧችኋል። እግር የያዛቸውንና ከቤት የማይወጡትን በሥራ ቀን ሂዱባቸው፤ የሰንበቱን ሳታሳጥሩ ንገሯቸው፤ ከዳቦውም ተርፎ ከሆነ ይዛችሁላቸው ሂዱ። የታመመ ጠያቂ ማጣቱ ከሕመሙ የባሰ እንደሚያደክመው በሥራዬ በየቀኑ አያለሁ።

በሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስለምሠራ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ሰንበት ተረኛ እሆናለሁ። ቀድሞ በዚያ ሳምንት ክቡ ይቀር ነበር። ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የአንዲቱ እናት የልጅ ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ በእኔ ፈንታ ትናገራለች። ሐሙስ ማታ ስልክ ደውላ ያዘጋጀችውን ታሰማኛለች፤ አማርኛዋ የቤት አማርኛ ስለሆነ የመጽሐፉ ቃል ያስቸግራታል። ባለፈው ተራዋ እስራኤልን በምድረ በዳ ይመራ ስለነበረው ዐምድ ስትናገር፣ ስሙ ጠፍቶባት «ቀን ቀን የሚሄደው፣ የጭስ ይሁን የጉም...» ብላ ቆመች አሉኝ። አሥራ አንዱ እናቶች በአንድ ድምፅ «የደመና ዐምድ!» አሏት። እርሷም ደግማ ተናገረችውና ቀጠለች።